የስምንት ቤት ቃሬዛ

ልብስ ሰፊዋ የሽብልቁን ከረጢት ወገቧ ላይ አስራ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየሮጠች ነበር። ከረጢቱ በየእርምጃዋ ጭኗን ይመታል። ውስጡ ስምንት ሽብልቅ አለ፤ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ያህል፣ ከወይራ የተጠረበ፣ በብዙ እጅ የለሰለሰ። እነሱ ከሌሉ ቃሬዛው አይቆምም። እነሱ ብቻ ካሉም አይቆምም።

ጦርነቱ ባለቀ በሦስተኛው ወር ነው። ወታደሮቹ ድልና ሳል ይዘው ተመለሱ። ከተማው ድሉን አደባባይ ወጥቶ ተካፈለ፤ ሳሉን ግን እያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱ ነው አለ።

ያን ዕለት ማለዳ አዋጅ ነጋሪው ከበሮውን እየመታ በመንገዱ አለፈ። አፉን በሻሽ ስለ ሸፈነ ግማሹ ቃል አልተሰማም፤ የተሰማው ግማሽ ግን በቂ ነበር። ድልድዩ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጤነኛም በሽተኛም አይሻገርም። የበሽተኞች ማቆያው ከወንዙ ማዶ ነው። ሐኪሙ፣ አስታማሚዎቹ፣ አልጋው፣ የፈላው ውሃ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከወንዙ ወዲህ የቀረው ኮምጣጤ፣ ካፉርና ወሬ ብቻ ነው።

አባቷ አናጺው ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ውሃ ልታጠጣው ቀና ስታደርገው ከንፈሩ የቀለም ብልቃጥ የነካው መስሎ ጠቁሮ አየች። እዚህ ከዋለ እንደማያድር ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለጋትም።

መንገዱ ስምንት ቤት አለው፤ ለስምንቱም አንድ ቃሬዛ። አያቷ፣ እሱም አናጺ ነበር፣ በዘመኑ ኮሌራ ሲገባ የሰፈሩን የቀድሞ ቃሬዛ በአደራ የያዘው ቤት በሩን ዘግቶበት፣ ሰዎች በሽተኛቸውን በጆንያ ሲጎትቱ አየ። ወረርሽኙ ሲያልፍ አዲስ ቃሬዛ ሠራ። ምስማር ያልነካው፣ የሚፈታና የሚገጠም። ሁለቱን መሎጊያ ለሁለት ቤት ሰጠ። አራቱን አግዳሚ ለአራት ቤት። የቆዳውን ንጣፍ ለሰባተኛው። ሽብልቁን ራሱ ያዘ። ከእንጨቱ ጋር ያወረሰው ሕግም አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ቁራጩን የሚያመጣ ትከሻውንም ያመጣል።

ቃሬዛው ስድሳ ዓመት ሠራ። ምጥ የጠናባትን ተሸከመ፤ ከጣሪያ የወደቀውን፤ የሞተውን። አንድ ጊዜም አሥር አለቃውን ከመጠጥ ቤት ደጃፍ አንስቶ እቤቱ አስገብቶታል።

የመምህሩ መስኮት ሦስት ጣት ያህል ተከፈተ። በክፍተቱ ኮምጣጤ የነካው መሐረብ ታየ፤ ከመሐረቡ በላይ መነጽር።

«ጋሼ መምህር፣ አግዳሚውን ይዘው ይውጡ። አባባ ታሟል።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። እጅግ በጣም አዝኛለሁ።»

«ሐዘኑን እዚያው ያቆዩልኝ። አግዳሚውን ነው የምፈልገው።»

«እስቲ ነገሩን በእርጋታ እናስበው» አለ መምህሩ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የሚያስተምረው ሰው ስላጣ ድምፁ ጠግቦ የተኛ ድምፅ ነበር። «እያንዳንዱ ሰው ራሱን ቢጠብቅ ሁሉም ይጠበቃል። ቀላል ሒሳብ ነው። እኔ በሬን ስዘጋ ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለሁላችሁም ነው።»

«የታመመውስ ጋሼ? እሱ በሒሳቡ ውስጥ የት ላይ ነው?»

መነጽሩ ትንሽ አሰበ።

«የታመመውማ… ራሱን አልጠበቀም ማለት ነው።»

አናጺው የታመመው የዚያን ትምህርት ቤት ጣሪያ ሲጠግን ነው፤ ወታደሮቹ ለሁለት ሳምንት አድረውበት ከወጡ በኋላ። መምህሩ ራሱ ነበር መጥቶ የለመነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን አላነሳችበትም። መምህር የሚረሳው ነገር ሁሉ አስቦበት የተወው ነው።

መስኮቱ ተዘጋ። ከውስጥ መጻሕፍት ወለል ላይ ሲደረደሩ ተሰማ። ቀጥሎ አግዳሚው በአጥሩ ላይ ተወርውሮ እግሯ ሥር ወደቀ። ሁለቱ ጫፎቹ ላይ የመደርደሪያ አቧራ ነበረ። ትከሻው አልተከተለውም።

አሥር አለቃው ደግሞ አጥሩ ላይ በክርኑ ተደግፎ፣ ሜዳሊያዎቹን አድርጎ ነበር የጠበቃት። ሜዳሊያ በሽታ የሚከለክል መስሎት ይሁን ለቀብሩ ተዘጋጅቶ አልታወቀም።

«እንዳትጠጊኝ! እዚያው ቁሚና ተናገሪ!»

«ቆሜአለሁ። አግዳሚዎንና ትከሻዎን።»

«ስሚኝ እኔን። ጥይት ከፊት ለፊት ነው የሚመጣ። ጎራዴም እንደዚያው። ይሄ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታይም። ወታደር የማያየውን ጠላት አይገጥምም፤ ደንብ ነው።»

«ከመጠጥ ቤቱ በር ስናነሳዎት እርስዎስ ምን ያዩ ነበር?»

አሥር አለቃው ቀላ። የሱም አግዳሚ በአጥሩ ላይ መጣ፤ ከመምህሩ ይልቅ በኃይል የተወረወረ፣ ስለዚህ የጀግና።

መድኃኒት ሻጩ ቤት ሰልፍ ነበረ። ሰዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ከሩቅ ሲታዩ መብረር ያቃታቸው ወፎች ይመስላሉ። ከበሩ በላይ የሸራ ጥላ ተወጥሯል። ጥላውን ደግፎ የቆመው የቃሬዛው መሎጊያ ነው። እጀታው ላይ አያቷ የቀረጸው ጥንድ መስመር ከሩቅ ይታያል።

«መሎጊያውን ስጡኝ፣ ጌታዬ።»

«ባነሳው ጥላው ይወድቃል።»

«ይውደቅ።»

«እንዴት ይውደቅ ትያለሽ? ሕዝቡን ፀሐይ ይምታው? እኔ እዚህ ለሕዝብ ነው የቆምኩት።» ከመደርደሪያው በጠረኑ በሽታ ያባርራል የሚባል ካፉር የያዘች ከረጢት አንስቶ በዘንግ ጫፍ አንጠልጥሎ ዘረጋላት። «ይልቅ ይችን አባትሽ አንገት ላይ እሰሪላቸው። ካንቺ ምንም አልፈልግም።»

ያንን አምናዋለች። የካፉሯን ከረጢት ዘንጉ ላይ ትታ ሄደች።

የዳኛው በር ከሁሉም ይረዝማል። ስታንኳኳ የመልእክት ቀዳዳው ተከፈተና የሠራተኛዋ ሁለት ዓይኖች ታዩ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ክቡር ዳኛው አሉ?»

«አሉ፣ እትዬ። ግን ‹የለሁም በይ› ብለውኛል።»

«መሎጊያውን ንገሪያቸው።»

ዓይኖቹ ሄዱ። ቆይተው ተመለሱ።

«‹መሎጊያው በሥራ ላይ ነው› ብለዋል።»

«ምን ሥራ?»

ሠራተኛዋ ወደ ኋላዋ ተመለከተችና ድምፅዋን አሳነሰች። «በሩን ይዞ ነው፣ እትዬ። አዋጁ ከተነገረ ጀምሮ መቀርቀሪያ አድርገውታል።» ከዚያ ፊቷን እጅጌዋ ውስጥ ቀበረችና፣ እንዳይሰማባት በአፏ ይዛ፣ ሳለች።

የቀሩት ሦስት ቤቶች መልስ እንኳ አልሰጡም። አንደኛው ውሻውን ፈታ። ሁለተኛው ዝም ብሎ እንደሌለ ሆነ፤ የጭስ ማውጫው ግን እንደ ልማዱ ይጨሳል። የሦስተኛው ቤት ሻማ ሠሪ የቆዳውን ንጣፍ መስኮቷ ላይ ሰቅላዋለች፤ የመንገዱ አየር እንዳይገባባት።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት አግዳሚና ስምንት ሽብልቅ ይዛ መንገዱ መሀል ቆመች። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ እንደ እብድ ጮኸች፤ ቃል የሌለው ጩኸት። ሰባት መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

የመጣው ከስምንቱ ቤቶች ያልሆነ ሰው ነው። ፋኖስ አብሪው ከቆዳ ፋብሪካው ግንብ ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ይኖራል፤ ከቃሬዛው አንድ ስንጥር እንኳ አልተሰጠውም። ሰፈሩ «ጀንበር» ይለዋል፤ እሱ የሚወጣው ጀንበሯ ስትገባ ነውና። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ፣ ዓይኑን እያሸ መጣ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ? ሰው እኮ ቀን ይተኛበታል።»

ነገረችው። ወደ ሁለቱ አግዳሚዎች ተመለከተ። ወደ ሰባቱ በሮች ተመለከተ። ምራቁን ሊተፋ አስቦ ተወው።

«መሰላል አለኝ» አለ።

*

አናጺውን መሰላሉ ላይ ሲያጋድሙት ነቃ። እጁ፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው፣ ከሰውየው በፊት እንጨቱን ዳበሰ።

«ይሄን መሰላል ማነው የሠራው?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ» አለ ጀንበር።

«ሦስተኛው እርከን ይላወሳል ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል።»

«አልጠገንከውም።»

«አልጠገንኩትም።»

«በሉ እንግዲያው ወገቤን እዚያ ላይ እንዳታሳርፉት።»

ማሰሪያ አልነበራቸውም። ልብስ ሰፊዋ ለዳኛው ሚስት የጀመረችውን አረንጓዴ የሐር ቀሚስ ከስፌት መኪናው ሥር ስባ አወጣች። እጅጌው ብቻ ይቀረው ነበር። በጥርሷ ጀምራ ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ሐር ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ ያን ቀን ከሰማችው ሁሉ ጥሩው ነበር። አባቷን በደረቱ፣ በወገቡና በጉልበቱ አሰረችው።

ተነሡ። ጀንበር ረጅም ነው፤ እሷ አጭር። በሽተኛው ወደ እሷ ይንሸራተታል። አሥር እርምጃ ሄደው አቆሙ፤ እሱ ከፊት እንዲሆን፣ እሷ መሰላሉን በትከሻዋ እንድትይዘው ተለዋወጡ። ከመጋረጃዎቹ ጀርባ ሰዎች አካሄዳቸውን ይመረምሩ ነበር። መምህሩ በኋላ እንደተናገረው፣ ሁለት ሰው እንዲህ ያለ ሸክም መሸከሙ ከሥነ ፍጥረት ሕግ አንጻር አስገርሞታል።

በስምንት ሰው ቃሬዛው ድልድዩ ጋ የሚደርሰው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። በሁለት ሰውና በአንድ መሰላል ሦስት ሰዓት ፈጀ። በቆዳ ፋብሪካው አጠገብ አረፉ። በተዘጋው ገበያ መግቢያ አረፉ፤ የባዶ መደብሮቹ ጣውላ ጥላ አባቷ ፊት ላይ መስመር በመስመር ወደቀ። ኖራ የጫነ ጋሪ አለፋቸው። ባለ ጋሪው ቦታ ነበረው። ዓይኑን በበቅሎው ጆሮ ላይ ተክሎ አለፈ።

«ይሄ መሰላል» አለ ጀንበር ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ሰውን ወደ ላይ ሲወስድ እንጂ ወደ ጎን ሲወስድ አይቼው አላውቅም።»

«አታስቀኝ፤ እጥለዋለሁ።»

«ሳቂ እንጂ። እዚያ ቤት ያሉት ሲያለቅሱ ማንን ጠቀሙ?»

«አላለቀሱም።»

«እሱም አለ።»

አናጺው ሳል ያዘው። ሳሉ ሲያባራ ከአፉ የወረደው ሐምራዊ አረፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም።

በድልድዩ ጫፍ የዘቦቹ መሪ መቶ አለቃው ጠመንጃውን በመዝጊያው ግንድ ላይ አስደግፎ፣ ደብተር ይዞ ቆሟል። ተሸካሚ ማዶ እስከ ማቆያው በረንዳ ድረስ ገብቶ እንዲመለስ ፈቃድ አለ፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት። ማዶ የማቆያው በረንዳ ላይ የአልጋ ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች በገለባ ፍራሽ ተደርድረዋል። አስታማሚዋ መሰላሉን፣ አረንጓዴውን ሐር፣ ሁለቱን ሰዎች በየተራ አየች።

«እናንተ ከስምንቱ ቤቶች መንገድ አይደላችሁም እንዴ? በስምንት ሰው የምትመጡት?»

«ነበርን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አስታማሚዋ የመሰላሉን ጫፍ ያዘች። አናጺውን በሦስት ሆነው ፍራሹ ላይ አሳረፉት። ደረቱን አዳመጠች፤ ራሱን ከፍ አድርጋ ውሃ በማንኪያ ሰጠችው። «በጊዜ ነው የደረሰው። ተስፋ አለው አልልሽም፤ የለውምም አልልሽ። እኛ ያጣነው መድኃኒት አይደለም፤ ተሸካሚ ነው። ሰው ከድልድዩ እስከ አልጋው ሳይደርስ ይሞትብናል። ሁለት ሰው ባገኝ…» አለችና ሁለቱን አይታ ተወችው። ሰው ሁሉ ቤት እንዳለው ታውቃለች።

አናጺው የልጁን ቀሚስ ያዘ።

«ሽብልቆቹስ?»

«ወገቤ ላይ ናቸው፣ አባባ።»

«እንዳትጥያቸው። ሌላው ሁሉ እንጨት ነው።»

*

ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ጀንበር ባዶውን መሰላል ተሸክሟል። ከመንገዱ መግቢያ ጀምሮ የሆነ ነገር እንደተለወጠ አየች፤ ምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባትም። የመድኃኒት ሻጩ ሸራ ወርዶ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሰልፈኞቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። የሻማ ሠሪዋ መስኮት ተራቁቷል። የዳኛው በር ገርበብ ብሏል።

ከዚያ የራሷን በር አየች።

ሁለቱ መሎጊያዎች በሩ ላይ በሰያፍ ተጣምረዋል። አራቱ አግዳሚዎች ከላይ እስከ ታች ተጋድመዋል፤ ጠዋት እግሯ ሥር የወደቁት ሁለቱም፣ ውሻ የለቀቀውና የሌለ የመሰለው ቤት ያወጧቸውም። የቆዳው ንጣፍ መስኮቷን ሸፍኗል። ስድሳ ዓመት ምስማር ያልነካው እንጨት በምስማር ተወግቷል። አንዳንዱ ምስማር ተጣሟል፤ መዶሻ ይዘው የማያውቁ እጆች ናቸው። መሀል ላይ በሰም የታተመ ወረቀት ነበር።

«እኛ የዚህ መንገድ ነዋሪዎች፣ ለጋራ ደኅንነት ስንል፣ ይህ ቤት ታሽጎ እንዲቆይ በአንድ ድምፅ ወስነናል።»

ሰባት ፊርማ። የዳኛው እንደ ጅራፍ የተጠቀለለ ነው። አሥር አለቃው ማዕረጉን ሁለት ጊዜ ጽፏል። ሰሙ የሻማ ሠሪዋ መሆኑን በጠረኑ አወቀችው።

ጀንበር እንጨቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ።

«አንድ ቁራጭ አልጎደለም» አለ በመጨረሻ።

«ሽብልቁ ጎድሏል።»

የፋኖስ መስቀያውን ብረት ከመሰላሉ ፈትቶ ሰጣት። የመጀመሪያው ምስማር ሲነቀል እንደ ጥርስ ጮኸ። የመምህሩ መስኮት ሦስት ጣት ተከፈተ።

«ልጄ! ይህ እኮ የጋራ ውሳኔ ነው!»

ሁለተኛውን ነቀለች።

«ከስሜት የራቀ ውሳኔ ነው! አንቺን ለመጉዳት አይደለም!»

ሦስተኛውን ነቀለች። መስኮቱ ተዘጋ። ሃያ ሁለት ምስማር ነበር። ሃያ ሁለቱንም አፈር መንገዱ ላይ አንድ በአንድ ጣለቻቸው፤ ያስፈራቸው ከሆነ በባዶ እግራቸው አይውጡ።

ከዚያ መንገዱ መሀል፣ በሰባት መጋረጃ ፊት፣ ቃሬዛውን ገጠመችው። መሎጊያዎቹን አስተካክላ አጋደመች። አግዳሚዎቹን በየቦታቸው አስገባች፤ ሽብልቆቹን በአውራ ጣቷ ገፋቻቸው። አያቷ እንዲህ ነበር ያዘዘው፤ በአውራ ጣት ብቻ፣ ነገ በአውራ ጣት እንዲወጡ። ንጣፉን ዘረጋች። ቃሬዛው ቆመ። የተበታተነ ነገር ዝም ብላ ማየት አልቻለችም፤ የአናጺ ልጅ ናት።

«አንቺ ልጅ! እሰየው፤ ገጠምሽው?»

ድምፁ ከላይ ነው። የዳኛው ሚስት ሰገነቱ ላይ፣ አፍንጫዋን በሎሚ ቅጠል ይዛ ቆማለች። ቁልቁል በበሩ አጠገብ፣ ከግንቡ ውጭ፣ ሠራተኛዋ አንድ ብርድ ልብስ ተከናንባ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ራሷ በጉልበቶቿ መካከል ነው።

«እሜቴ፣ ይቺን ልጅ ማን አስወጣት?»

«ራሷ ናት። ‹ልውጣ› አለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። እግረ መንገድሽን አድርሻት። ድልድዩ ገና ነው አሉ።»

«እትዬ» አለች ሠራተኛዋ ራሷን ሳታነሳ «እኔ አላልኩም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ሰገነቱ ቀና አለች። ሕጉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቁራጩን የሚያመጣ ትከሻውንም ያመጣል። ቁራጩ መጥቷል፣ እሜቴ፤ ትከሻውን ያውርዱ። ይህን ብላ መንገዱ መሀል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ልትቆም ትችላለች። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው። ትከሻ እንደማይወርድም ታውቃለች። እዚያ ቆማ የምትቀጣው ግን ግንቡ ሥር የተቀመጠችውን ብቻ ነው።

ጀንበር መሰላሉን ግንቡ ላይ አስደገፈ። ምንም ሳይናገር የቃሬዛውን የፊት እጀታ ያዘ።

ሠራተኛዋን ሲያነሷት ከአናጺው ይልቅ ቀለለች። «አይንኩኝ እትዬ፤ ይይዝዎታል» ትላለች ደጋግማ። በዚያ መንገድ ያን ቀን ስለ ሌላ ሰው የተጨነቀ አንድ አፍ ይህ ነበር፤ ደመወዝተኛ አፍ።

ተነሥተው ጥቂት እንደሄዱ ከኋላቸው የሰገነቱ ድምፅ ተከተላቸው።

«አንቺ! ስትመለሺ መሎጊያውን እንዳትረሺ! በራችን አልዘጋ ብሏል!»

ልብስ ሰፊዋ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ቀሚሴስ? ደርሷል ወይ?»

ጀንበር አንገቱን ብቻ ዘወር አደረገ።

«ቀሚሱማ ቀድሞ ተሻግሯል፣ እሜቴ!»

*

ቃሬዛ ከመሰላል ይሻላል። ክብደቱን ይካፈላል፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ለስምንት ሰው የተሠራ ቢሆንም ሁለት ሰውን አልናቀም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ ደረሱ። መቶ አለቃው የደወሉን ገመድ ከወዲሁ እጁ ላይ ጠምጥሟል።

«ብትሻገሩ ቶሎ ተመለሱ። ስደውል በዚያኛው ወገን ያለ በዚያው ይቀራል።»

ጀንበር ወደ ኋላው ወደ ከተማው ተመለከተ። ሥራው የሚጀምርበት ሰዓት ነው።

«ፋኖሶቹስ?» አለ፤ ለማንም አይደለም።

«በየቤታቸው ኩራዝ አላቸው» አለች። «እያንዳንዱ የራሱን ያብራ።»

«መሰላሉም እዚያው ቀረ።» ትንሽ አሰበ። «ሦስተኛው እርከን ይላወሳል፤ የሚወጣበት ራሱን ይጠብቅ።»

ተሻገሩ።

በረንዳው ላይ ቃሬዛውን አናጺው አጠገብ አሳረፉት። አስታማሚዋ ሠራተኛይቱን ልታይ ተንበረከከች። አናጺው ዓይኑን አልገለጠም። እጁ ግን ከፍራሹ ወርዶ መሎጊያውን አገኘ፤ ጥንዱን መስመር አገኘና ቆመ። ፊቱ በራ።

«ቃሬዛው ነው» አለ። «ቃሬዛው መጣ። ሁሉም ቤት ሰጠ?»

«ሁሉም ሰጠ፣ አባባ።»

እጁ ጉዞውን ቀጠለ። ከመሎጊያው ወደ አግዳሚው ተሻገረ። እዚያ ጣቱ የማያውቀው ነገር ላይ ወደቀ፤ ክብ፣ ሻካራ፣ አዲስ ቀዳዳ። ጣቱ ቆመ። ሄደ። ሌላ አገኘ። ቀጥሎ ሌላ። ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ወረደ።

«ምስማር።»

እጁን ከእንጨቱ ላይ ልታነሳለት ሞከረች።

«ማነው የመታው?»

«ሁሉም።»

«ሰባቱም? ወጥተው?»

«ወጥተው። በራችንን አሸጉበት።»

አናጺው ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ። እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሩቅ ቦታ ተጎትቶ የሚመጣ ነበር። ከዚያ ከንፈሩ፣ ያ የጠቆረው፣ በአንድ ወገን ተነሣ።

«እንግዲያው ተሰብስበዋል» አለ።

ጀንበር ሊስቅ ብሎ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«ሽብልቆቹን በምን አስገባሻቸው?»

«በአውራ ጣት። አያቴ እንዳዘዘው።»

«አባቴ ለሰው ነበር ያዘዘው።» እጁን አነሳና መልሶ ጣለው። «ድንጋይ ፈልጊ። ምቻቸው።»

«አባባ፣ ከተመቱ እኮ ተመልሰው አይወጡም።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ አናጺው።»

ከበረንዳው ደረጃ አጠገብ መዳፏን የሚሞላ ድንጋይ አገኘች። አስታማሚዋ ሠራተኛይቱን ወደ ፍራሽ አዛወረቻት፤ ቃሬዛው ባዶ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ተንበረከከችና የመጀመሪያውን መታች። ወይራው ወደ ወይራው ገባ። አባቷ ዓይኑን ጨፍኖ በድምፁ ብቻ ያዳምጣል፤ «ገና ነው» ይላል፤ «አንድ ድገሚው»፤ «ይሄ ገባ።» ጀንበር የቃሬዛውን ሌላ ጫፍ ረግጦ ያዘላት።

ሰባተኛውን ስትመታ የድልድዩ ደወል ጀመረ። አልተነሣችም። ስምንተኛውን ከአግዳሚው ጋር እኩል እስኪሆን መታችው፤ ጥፍር እንኳ የሚይዘው ጫፍ አልቀረለትም።

«ገባ» አለ አናጺው።

አስታማሚዋ ከበረንዳው ጫፍ ተጣራች። በመጨረሻው ሰዓት የተሻገሩ ሦስት በሽተኞች ድልድዩ እግር ሥር ወድቀው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ድንጋዩን ጣለችና የኋላውን እጀታ ያዘች፤ ጀንበር የፊቱን። ተነሡ።